«መራራው» ያልነው ዱቄት

ከሆሳዕና እስከ ጊምቢቹ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከብቱ ታሞበት እኔን ያላስጠራ ገበሬ ካለ አላውቀውም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከሳሙና መጠቅለያና ከስኳር ጆንያ ላይ ነው። ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ክትባት የሚሰጡ የመንግሥት ሰዎች ወደ አገራችን ሲመጡ የበረዶ ሣጥናቸውን ተሸክሜ ከመንደር መንደር ተከተልኳቸው፤ ሲመለሱ የሚያውቁትን ግማሽ ይዤ ቀረሁ። የቀረውን ከራሴ ጨመርኩበት። አንዲት ጊደር ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት ስትል የት ላይ እንደሚወጋ በዓይኔ ለይቼ አድኛታለሁ፤ ከከተማ የመጣው የተማረ ሰው ቆሞ ሲያይ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም። ያን ያህል የታመንኩ ሰው በገዛ ቤቴ ምን እንዳደረግኩ እንዲታወቅ ነው።

በእኛ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። የአማቷ ስም ከውኃ መነሻ ጋር ከገጠመ ለውኃ ሌላ ቃል ታበጅለታለች። የአባቴ ስም ደግሞ በቋንቋችን «መርዝ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥም ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ መርዝን፣ በቋንቋችን በሌላ ድምፅ በሚጀምር ቃል፣ «መራራው» ትለዋለች። ለሆድ ቁርጠት የሚጠጣውን፣ ቁስል የሚታጠቡበትንም ቅጠል «መራራው» ትለዋለች። እኔም እሷን ላለማሳቀቅ በቤታችን የእሷን ቃል ለመድኩ። መርዝ የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ፤ መርዙ ግን አልወጣም ነበር።

ያን ጊዜ ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ገና ሳይድሁ ቀብረናል። ሦስተኛው ይቆይልናል ብለን ነበር፤ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው ስለዚያ እንደሆነ አውቃለሁ።

ከርከሮና ጃርት ከእንሰታችን የሚያባርር አንድ ትልቅ ውሻ ነበረን። እከክ ያዘው፤ መዥገሩም በጆሮው ውስጥ እንደ ባቄላ ተደረደረ። የከብት መድኃኒት ከሚያድል አንድ የመጋዘን ሰው ዘንድ ሄጄ የመዥገር ዱቄት በጣሳ ተቀበልኩ።

«በባዶ እጅህ አትንካው» አለኝ። «እርጉዝ ሴት ደግሞ አጠገቡ አትድረስ።»

«እኔ ስንት ዓመት በባዶ እጄ ነካሁት፤ ይኸው ቆሜያለሁ» አልኩት።

«አንተ መች ታረግዛለህ?» አለኝ። በመጋዘኑ በር የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከቀልዱ ጋር ምክሩንም እዚያው ጥዬ መጣሁ።

ዱቄቱ በዝናብ ስለሚታጠብ በቅቤ መለወስን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። በቅቤ የተለወሰ መድኃኒት ከፀጉር አይለቅም፤ ወደ ቆዳ ዘልቆ ይገባል። በዚህ ዘዴዬ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ። ውሻውንም ራሴ ልቀባው ነበር፤ ግን በዚያ ጠዋት የዳምቦያ ሰዎች በሬዎቻቸው ታመው መጡብኝና መሄድ ግድ ሆነ። ጣሳውን ለባለቤቴ ሰጠኋት።

«ከቅቤ ጋር ለውሰሽ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ቀቢው። መራራው ነው፤ የጎረቤት ልጆች እንዳይቀምሱት።»

«ለእከክ ነው የሚሆነው?» አለችኝ።

«ለእከክ፣ ለመዥገር፣ ለቅማል፤ የማይገባበት የለም» አልኳት። መድኃኒቴን ሲጠይቁኝ ማሳጠር አልችልም ነበር።

ዳምቦያ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ከአራቱ በሬዎች ሦስቱን አዳንኩ። በሦስተኛው ቀን እየተመሰገንኩ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አባቴ ደጅ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

«ሚስትህን ክሊኒክ ወስደዋታል» አለኝ። «ያስመልሳት ነበር፤ ኋላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ።»

ወደ ከተማው ሮጥኩ፤ አባቴም በምርኩዙ ተከተለኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ሕሙማን የሚያክመው ድሬሰር ከሌላ አገር የመጣ፣ ቋንቋችንን የማይሰማ ሰው ነበር። አንዲት የባለቤቴ ዘመድ ታስተረጉምለታለች።

«ወባ ይመስላል» አለኝ። «ቆላ ወርዳ ነበር?»

«ከደጃችን አልራቀችም።»

ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ስዳስስ ሽታው መታኝ። የቅቤ ሽታ የሴት ሁሉ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የጣሳዬ ነበር። እጄን ፀጉሯ ውስጥ ሰደድኩ። ርሶ ነበር።

«ራስሽን ምን ቀባሽው?»

«መራራውን» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። «ከውሻው የተረፈውን። ራሴን ሲያሳክከኝ ነበር። ቅቤስ ይጣላል እንዴ?»

«ምን አለች?» አለ ድሬሰሩ።

«ቅጠል ነው የቀባችው» አለች አስተርጓሚዋ። «መራራ ቅጠል።»

«ቅጠል አይደለም» አልኩ። ከዚያም በቋንቋችን፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ እየሰማ፣ ያንን ቃል አወጣሁት። «መርዝ ነው። የመዥገር መርዝ።»

ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ዓይኗን ግን ከእኔ አላነሳችም።

«ይህን ቃል ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ። «እርስዎ እኮ መጥራት ይችላሉ።»

ወደ ድሬሰሩ ዞሬ ቃሉን በአማርኛ ደገምኩለት።

ድሬሰሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «የከብት ዶክተር የሚሉህ አንተ ነህ? ሴትና ውሻ በአንድ ጣሳ ነው የምታክመው?» አለኝ። ወዲያው ሙቅ ውኃና ሳሙና አስመጣ። ምላጭም ሰጠኝ። ያን የምትሳሳለትን ፀጉር በገዛ እጄ እስከ ቆዳው ላጨሁት። እጇን እስከ ክንዷ፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን አጠብን። ልብሷን አውጥተን ጣልን። ሁለት ቀን ሙሉ መርዙ በራሷ ላይ ተቀምጦ ወደ ውስጥ ሲገባ ነበር፤ ዘልቆ እንዲገባ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

አባቴ ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወደ አልጋዋ ቀረበ። አማት ወደ ምራት አልጋ አይቀርብም፤ እሱ ቀረበ።

«ልጄ» አላት፤ «ከዛሬ ጀምሮ ያን ቃል ጥሪው። ስሜንም ጥሪው። ሰው የሚገድል ስም ምን ያደርግልኛል?»

እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች።

መንቀጥቀጡ አንድ ጊዜ ተመለሰባት፤ ከዚያ ተዋት። በማግሥቱ ጠዋት ምጥ መጣ። ወንድ ነበር። አልተነፈሰም። ድሬሰሩ ገልብጦ መታው፤ አሸው፤ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ለእኔ ሰጠኝ። «ዱቄቱ ነው አይደለም ብዬ ልምልልህ አልችልም» አለኝ። መማል አላስፈለገውም። ሕፃኑን ከወንድሞቹ አጠገብ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቀበርነው። ውሻው ድኖ ነበር፤ ፀጉሩም መብቀል ጀምሮ ነበር። ጉድጓዱን ስቆፍር አጠገቤ ተኝቶ ያየኝ ነበር።

ሰፈርተኛው በእኔ ፊት ዝም አለ፤ ከኋላዬ ግን «ሦስት በሬ አድኖ አንድ ልጅ ገደለ» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው። እኔም ሥራዬን አልተውኩም፤ ብተው ከእኔ ያነሰ የሚያውቅ ሰው ይይዘው ነበርና። ከዚያ በኋላ ማድረግ የቻልኩትን ልቁጠር።

በጣሳዎቼ ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም የሰው ራስ ቅል ሣልኩ፤ ፊደል የማያውቅም እንዲያነበው።

መድኃኒትን በቅቤ መለወስ ተውኩ፤ ያስተማርኳቸውንም ቤት ለቤት ዞሬ አስተውኳቸው።

እርጉዝ ባለችበት ቤት መድኃኒት ትቼ አልሄድኩም። ራሴ ቀባሁ፤ ራሴ ወጋሁ፤ እጄንም ከምንጩ ርቄ ታጠብኩ። የታከመውን እንስሳ እስኪደርቅ እርጉዟ እንዳትነካው፣ የተቀባ ጡት እንዳታልብ ለባሏ ነገርኩ።

አባቴን ይዤ ሽማግሌዎች ፊት ቆምኩ፤ በመድኃኒት ነገር ምራት ቃል እንዳትደብቅ አስወሰንኩ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል።

የመጋዘኑ ሰው አስጠንቅቆኝ እንደነበር ለባለቤቴ ነገርኳት። ይህን ለመናገር ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፤ ግን ተናገርኩ።

ሦስቱ መቃብሮች ያሉበትን ቦታ በድንጋይ አጠርኩ። ከብት አይረግጠውም።