አፈር የቀመሰው መሐንዲስ

በጃንሆይ ጊዜ ነው ልጆቼ። ሲሬ ላይ ጎጇችን ከዳገት ሥር ነበረች። አንድ ቀን የመንገድ ሥራ መሐንዲስ መጣና ከጓሯችን ከብት የሚልሰውን ነጭ አፈር ቆንጥሮ ቀመሰ። አማቴ ጠጋ ብለው፣ «ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አርግዞ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። እኛ ዘንድ አፈር የሚያምራት እርጉዝ ናት።

እሱ ግን ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጣ። አንዱ ውስጥ ከማዶ ሜዳ ያመጣውን የቀይ አፈር ጓል፣ ሌላው ውስጥ የነጩን ጣለ። ቀዩ እንዳለ ቁጭ አለ፤ ነጩ ሟሙቶ ውሃውን ወተት አስመሰለው።

«ጨው አለበት፤ ዝናብ ሲጠጣ ይፈታል። ዳገቱ ሳይናድባችሁ ቀዩ መሬት ላይ ቤት ሥሩ» አለን።

ባለቤቴ፣ «ከአያቶቼ ጀምሮ ያልተናደ እኔን ጠብቆ ሊናድ?» አለ። አለ እንጂ ወዲያው ደቦ ጠራና ቀዩ መሬት ላይ አዲስ ቤት ሠራን።

ሐምሌ ላይ ዳገቱ እውነትም ተናደና አሮጌዋን ጎጆ ዋጣት። ጎረቤት «እንኳን እግዜር አተረፋችሁ» ሊለን መጣ። ባለቤቴ አዲሱ ቤት መሐል ተቀምጦ፣ «እኔ እኮ አፈር አውቃለሁ» እያለ ሲያወራ፣ ዶፉ በረታና ከጀርባው ግድግዳው ወተት ሆኖ ይወርድ ጀመር። ይድመቅልን ብለን የመረግነው በዚያው በነጩ አፈር ነበር።