ወደ ሰሌዳው የዞረው ልጅ

እህቴ ሦስተኛ ክፍልን ሃያ ስድስት ዓመት አስተምራለች። ስለ ማባዣ ሰንጠረዥ ስትጠየቅ «መጀመሪያ ያዚሙት፤ ኋላ ይገባቸዋል» ትላለች። እኔ ደግሞ ነገር መፈልፈል አመሌ ነውና «ሳይገባቸው እያዜሙ የሚያረጁስ?» እላታለሁ።

«አንተን ማለት ነው?»

ባለፈው ዓመት ቀልዱ ቀነሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ከወሬው አልፎ ለድምፅም ባዳ ሆነባት፤ መስማት ተሳናት። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ርእሰ መምህሩ ካወቀ ከክፍል አውጥቶ መጻሕፍት ቤት እንደሚያስቀምጣት አልተጠራጠረችም። «ልጅ በሌለበት አቧራ ሳራግፍ ልሙት?» አለችኝ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምላ።

እስከዚያው የሸሸጋት ይኸው ማባዣ ነው። አርባ ልጅ «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት አሥራ አራት» እያለ ዴስኩን ሲደልቅ፣ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ምቱን ትከተላለች። አብሮ በሚጮኽ ሕዝብ መሀል ያላወቀውም ያልሰማውም እኩል ይደበቃል፤ ይህ ከክፍልም ውጭ እውነት ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ሲመልስ ደግሞ አፉን ታያለች። አራት አፍ ያስከፍታል፤ ስምንት ከንፈር ያስገጥማል፤ ስድስት ጥርስ ለጥርስ ነው። እሱም ካልሆነላት ከፊት ወንበር አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ልጅ አለች። ይህች ልጅ አንድ ቀን ማንም ሳያዛት፣ ጓደኛዋ የመለሰውን ቁጥር ደረቷ ላይ በጣቶቿ አሳየቻት። እህቴ አይታ እንዳላየች አለፈች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ቀጠሉበት።

ርእሰ መምህሩ ክፍሏ የሚገባበት ዕለት ደረሰ። ሰውየው ደብተሩን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። የኅብረቱ ዜማ በሰላም አለፈ። እፎይ ልትል ስትል ሰውየው ጣቱን ቀሰረ።

«አንተ፣ ና ውጣ። ሰባት ጊዜ ስምንት?»

የቀሰረው በጉንጩ ትልቅነት ጉንጮ በምትለው ልጅ ላይ ነው። ልጁ ወጣ፤ ሰውየውን ቢያይ ጊዜ ደንግጦ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። እህቴ ጉንጩ ከኋላ ሲንቀሳቀስ አየች። መልሷል። ግን ምን ብሎ?

ፍንጭቷን አየቻት። አምስት ጣት፣ ቀጥሎ ስድስት።

«ጎበዝ! ልክ ነህ!»

አርባ ፊት ቀጥ አለ። ፍንጭቷ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ ያሳየችው ጉንጮ ያለውን ሳይሆን ትክክለኛውን መልስ ነበር፤ ቲቸር ራሷ የምትፈተን መስሏት። ተሳስታለችም ለማለት ይቸግረኛል።

«እትዬ፣ ሃምሳ አራት እኮ ነው ያለው» አለ ርእሰ መምህሩ።

ላደፋፍረው ብዬ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ጉንጮ ግን ዞሮ ነበር። ፊቱ በርቷል። በሰባት ሲመሰገን የመጀመሪያው ነው፤ ያቺን ሃምሳ አራት እስኪሸብት አይለቃትም።

«ተሳስተሃል፣ የኔ ልጅ» አለችው። «እኔም ተሳስቻለሁ። አልሰማሁህም። ጆሮዬ አይሰማም።»

ርእሰ መምህሩ እንዳቀረቀረ እየጻፈ አንድ ነገር ተናገረ።

«ቀና ብለው ይድገሙልኝ።»

ቀና ብሎ ጮኸ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«መጮህ አያስፈልግም፣ ቀስ ብለው ይበሉት።»

ሰውየው አፈረ። «ከሰኞ ጀምሮ መጻሕፍት ቤት ይሆናሉ ነው ያልኩት።»

መዳፏን ዴስኩ ላይ አሳረፈች። «እስከ ሰኞ ክፍሉ የእኔ ነው» አለችና ወደ ጉንጮ ዞረች። «ወደ እኔ ተመልከት። ከሰባት ጊዜ አንድ ጀምር።»

ልጆቹ ሊደልቁለት እጃቸውን ሲያነሱ ከለከለቻቸው። ጉንጮ ብቻውን ቆጠረ፤ አርባ ሁለት፣ አርባ ዘጠኝ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ቆመ። ፍንጭቷ ሁለት እጆቿ ላይ ተቀምጣለች። ርእሰ መምህሩም መጻፉን ትቷል። እህቴ ከልጁ አፍ ላይ ዐይኗን ተከለች።

«ሃምሳ…» አለ። አፉ አልተከፈተም፤ ጥርሱ ከጥርሱ ገጠመ።