ጦሩን ከእጄ ያሰርሁበት ጠዋት

ዘንድሮ ከርከሮ ልታባርሩ የምትወርዱ ሁሉ፣ ይህን ክርኔን አይታችሁ ውረዱ። ቀኝ ክንዴ የሚዘረጋው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ጥቅምት ነበር፤ ከድብ ባሕር መንደር በታች ያለው ማሽላችን ፍሬ ይዟል። የወረድነው እኔ፣ ጎረቤቴ አያ ሙላትና መቻል የሚባለው ውሻቸው ነን። አያ ሙላት በአገሩ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የወጋሁት ከርከሮ ጦሬን እንደተሰካበት ገደል ይዞት ስለገባ፣ በአዲሱ ጦር እንጨት ላይ ጠፍር አሰርሁና ጫፉን የእጄ አንጓ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠምሁት። አያ ሙላት አይተው ሳቁ።

«ምነው፣ ጦሩን እንደ በግ ታስረዋለህ?»

«እንዳይጠፋብኝ ነው፣ አያ።»

«እንግዲህ እሱ ሲሄድ አንተም መከተልህ ነው!»

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ዱካው ጭቃው ላይ ጥርት ብሏል፤ ኮቴው ሁለት ጣት ይሰፋል፣ ውስጡ ገና ውሃ አልቋጠረም። ጀንበር ስትወጣ መቻል አንድ ቁጥቋጦ ሥር ጮኸ። ከርከሮው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ መጣ። ትከሻውን ወጋሁት፤ አልወደቀም። ክራንቻው ሱሪዬን ሰንጥቆ በጎኔ አለፈ። ጠፍሩ ተወጠረ፣ ክንዴ ወደ ውጭ ተጠመዘዘ፣ ክርኔ ውስጥ ጧ ሲል ሰማሁት። በደረቴ ጎተተኝ። ገደሉ አሥር እርምጃ አይሞላም። አያ ሙላት ሮጠው ደረሱና ጠፍሩን በማጭድ በጠሱት፤ ከርከሮው ጦሬን እንደተሰካበት ገደል ገባ።

ክርኔ ወዲያው አበጠ።

«ይሳቡልኝ፣ አያ! እርፍ የማልጨብጥ ከሆነ ምን ልሆን ነው?»

በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አልወለቀም። ይሄ ጅማት ነው፤ ብስበው የቀረውንም እበጥሰዋለሁ። ደባርቅ ሐኪም ቤት እንሂድ።» ክንዴን በነጠላቸው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት።

ራጅ ተነሣሁ። አጥንቱ ደህና ነው፤ በክርኔ ውስጠኛ በኩል ያለው ጅማት ግን ተበጥሷል። ሐኪሟ በድጋፍ አሰረችልኝ፣ መታሸትም ከለከለችኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀስ እያልሁ እንዳጥፍና እንድዘረጋ አሳየችኝ። «አስረህ ብቻ ካቆየኸው ይደርቅብሃል። ሸክም ግን እኔ እስክፈቅድልህ የለም» አለች።

አያ ሙላት በየጠዋቱ እየመጡ ይቆጥሩልኝ ነበር፤ አሥር ማጠፍ፣ አሥር መዘርጋት። «ስምንት ነው! እኔን አታታልል!» ይሉኛል። በሰኔ እርፍ ጨበጥሁ፤ ከበሬዎቼ ኋላ እሳቸው እየሳቁ ተከተሉኝ።

ሁለት ጦሮቼ እዚያ ገደል ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው ይኸው፣ ዳስሱት፤ ማሰሪያ የለውም።