በእኔ አፍ የተነገረው

የረጠበ የሱፍ ክር ጠረን ታውቂያለሽ? ዝናብ ላይ ቆሞ እንደዋለ በግ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ያቀፈችው ሕፃን የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ነበር። ዝናብ መቶታል። መስኮት የሚከፍት የለም፤ ሰው ሁሉ ምች ይፈራል። ጠረኑ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ደብረ ታቦር እስክደርስ ድረስ በሐሳቤ ንፋስ መውጫ ነበርኩ።

ንፋስ መውጫ የሄድኩት አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ የቀረ ጊዜ ነው። እናቴ "ምን ዓይነት እግር ነው የሰጠሽ፣ አንድ ቦታ አያርፍም" ትለኝ ነበር። ላሳርፈው ብዬ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ከጓሮ ያለውን ቤት ለአንዲት ፈረንጅ አከራይታለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከባሕር ማዶ የላካት፣ ያለ ደመወዝ የምታገለግል፣ በልጅነታቸው ወልደው መግቢያ ያጡ ልጆችን የምታስጠጋ ሴት ነበረች። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ልጆቹ "እርስዎ" ሲሏት ትስቃለች። "አንቺ በሉኝ፣ እህታችሁ ነኝ" አስብላኛለች።

አስብላኛለች የምልሽ እኔ አስተርጓሚዋ ስለሆንኩ ነው። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ ግን አፌ አያፍርም። ልጆቹ ወዲያው "ራዲዮ" የሚል ስም አወጡልኝ። "ራዲዮ፣ ሲስተር ዛሬ ምን ትላለች?" ዝም ካልኩ ደግሞ "ባትሪዋ አልቋል፣ ፀሐይ ላይ አስጧት" ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት ጸሎት ነበር። ሲስተር ዓይኗን ጨፍና በራሷ ቋንቋ ታወራለች፤ ልጆቹ ወደ ምሥራቅ ዞረው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። አንዱ ሌላውን አይረብሽም። ከዚያ የሕፃናት ጨርቅ ይታጠባል። የዚያ አገር ውኃ ጠዋት ላይ አጥንት ይገባል፤ እሷም እጇ በርበሬ እስኪመስል ድረስ ከእኛ ጋር ታጥባለች። ለአራሶቹ አጥሚት ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ ኪሮሽ ነው። ክሩን ከአገሯ በትልልቅ ሻንጣ ነበር ያመጣችው። ተሠርቶ ያለቀው ኮፍያ ታጥቦ በከሰል ምድጃው ዙሪያ ይሰጣል፣ ቤቱም የበግ ጋጣ ይሸታል። ቅዳሜ ገበያ አውጥቼ የምሸጠው እኔ ነኝ። "የአገሩ ስም ራሱ ንፋስ ነው፣ ጆሮ ያለው ይግዛ" እያልኩ። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አሁን ስናገረው ይከነክነኛል።

አንድ ቀን ከስማዳ አንዲት ልጅ መጣች። ልጇን አዝላ፣ አብዛኛውን መንገድ በእግሯ። ተረከዟ ተሰነጣጥቆ ደም ያዣል። ሲስተር ከየት መጣሽ እንኳ አላለቻትም። ሳፋ አቀረበች፣ ለብ ያለ ውኃ አደረገችበት፣ ተንበርክካ እግሯን ያዘች። ልጅቷ ደንግጣ ሰበሰበችው።

"ኧረ በማርያም፣ ተይ በያት! እናቴ የምትሆን ሴት እግሬን ልትነካ?"

ነገርኳት። ሲስተር ከእግሯ ሥር ቀና ብላ አየቻት። "በያት፣ እሺ ሳትዪ ማንም ከዚህ አይወስድሽም። ይህ ቤትሽ ነው።"

አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አምኜበት። ልጅቷም እግሯን ለቀቀችው።

ስድስተኛን እንደጨረሰች ነው የዳሯት። ባልየው የአባቷ እኩያ ነው፣ ይመታታል። ክንዷ ላይ የአለንጋውን ሰንበር አሳየችን፣ ልክ የገዛችውን ዕቃ እንደምታሳይ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ሰባተኛ መግባት። ሲስተርም ቃል ገባችላት። ማታ ማታ እኔ እንግሊዝኛ አስጠናታለሁ፣ እሷ ለልጇ ቢጫ ኮፍያ ትሠራለች። አፏ ስለት ነው። ልጆቹ "ባልሽ መልኩ እንዴት ነው?" ሲሏት "ጢሙ ያምራል፣ ችግሩ ከጢሙ ሥር ያለው ነው" ብላ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰዋለች።

ነሐሴ ውስጥ ባልየው ሽማግሌ ላከ። ፊት የቀደሙት የንስሐ አባቱ ነበሩ፣ ጥምጥማቸው የነጣ፣ ንግግራቸው የለዘበ። ሲስተርን እንዲህ አሏት፦ "ልጅቱን ያስጠጉ እርስዎ ነዎት፤ ወላጆቿ እዚህ የሉም። በእናቷ ቦታ ይቁሙልን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን።"

ሲስተር እሺ አለች። ልጅቷም አልፈራችም። "ይምጡ፣ እምቢ ስል በጆሯቸው ይስሙኝ" አለች።

ቅዳሜ ዕለት ሲስተር ጠራችኝና ነገ የሚሆነውን ንገሪኝ አለችኝ። እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። የበሩን መደገፊያ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አደረግኩ፣ ጎንበስ ብዬ አሳየኋት። ልጆቹ "ራዲዮ፣ ምን በድለሽ ነው?" እያሉ ሳቁ። እሷም ሳቀች። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል አልኳት። ተበዳይ ካላነሳችለት፣ ወይም በእናት በአባት ቦታ የቆመ ሰው ካላነሳለት አይወርድም። ከተነሳ ግን አለቀ፣ ታርቀዋል፣ ወደ ኋላ የለም። ልጅቷ አንሺው እስክትል አንቺ እንዳትነኪው። ሲስተር ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ፣ ደገምኩላት። "ገባኝ" አለች።

እሁድ መጡ። አግዳሚ ወንበሩን ባሕር ዛፉ ሥር አወጣን። ባልየው አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው፣ ከወፍጮ መጅ ያንሳል፤ መርጦ ነው ያመጣው። የንስሐ አባቱ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። እኔ በሹክሹክታ ለሲስተር እተረጉማለሁ። ባልየው ያለቅስ ጀመር፣ እንባው በዚያ በሚያምረው ጢሙ ላይ ወረደ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ለእግዜር ብለሽ" አሏት።

ልጅቷ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየችው። "ይቆይ አባ። ገና አይቼ አልጠገብኩትም።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ሊውጥ ሳል ሳለ። "ይከብደዋል እኮ ልጄ" አሏት የንስሐ አባቱ።

"ይክበደው። ደግሞም ባነሳለት እመለሳለሁ ማለት ነው። አልመለስም። እማራለሁ።"

ይህንን ለሲስተር ተረጎምኩላት፣ ቃል በቃል። ሰምታኝ ተነሳች። እኔ ከልጅቷ ጎን ልትቆም የሄደች መስሎኝ ነበር። አልፋት ሄደች። ድንጋዩን በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ ከማጅራቱ አነሳችና ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። ባልየው ጉልበቷን ሳመ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ጸሎቱ ተጀመረ፣ ከአጥሩ ውጭ አንዷ ጎረቤት እልል አለች።

ልጅቷ ሲስተርን አላየችም። ያየችው እኔን ነው።

"ምን አለች?" አለችኝ።

"ምንም አላለችም።"

እውነት ነው፣ ምንም አላለችም። የምተረጉመው ነገር አልነበረም።

ሲስተርን ማእድ ቤት ተከትያት ገባሁ። "ነግሬሽ ነበር" አልኳት። "ነግረሽኛል" አለች። "ታዲያ?" ሳፋውን ታጥባለች፣ ያንኑ ሳፋ። ከዚያ ነገረችኝ። የላኳት ሰዎች ቤቱን ሊዘጉት ነው፤ እሷም ወሩ ሳያልቅ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ማንንም ያለ መግቢያ ትታ መሄድ አልቻለችም። "አለቀሰኮ፣ አላየሽውም? ሕፃኗም አባት አላት።" ዓይኔ ወደ ጥግ ሄደ። ሻንጣዎቹ ተደርድረዋል፣ ክሩ በቀለም በቀለም ተለይቶ ታስሯል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ልጅቷን እንግሊዝኛ ሳስጠና፣ ስለ መስከረም ስናወራ፣ አብራን ስትስቅ፣ ሲስተር ታውቅ ነበር።

ልጅቷ በዚያው ዕለት ሄደች። ሕፃኗ ቢጫ ኮፍያዋን አድርጋ ነበር። በሩ ላይ አቀፍኳት፤ እጇን አላነሳችም። ሲስተር ስትሄድ የቀረውን ክርና ኪሮሹን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ፣ ክር ነው። ዛሬም የምኖረው እሱ ባስጀመረኝ ሥራ ነው፤ ይሄም ያናድደኛል።

ከዓመታት በኋላ ኮፍያና ሹራብ ይዤ ስማዳ፣ ወገዳ ገበያ ወጣሁ። እንደ ልማዴ "ጆሮ ያለው ይግዛ" እያልኩ ስጮህ፣ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አንገቷን አዞረች። ከጎኗ ደብተር የያዘች ልጅ ተቀምጣለች።

"ራዲዮ" አለችኝ። "መልክሽንማ ረስቼዋለሁ። ድምፅሽ ነው።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ስሰበስበው የኖርኩትን አፈሰስኩት። እኔ ከሲስተር ጋር አልመከርኩም፣ አስጠንቅቄያት ነበር፣ እኔንም ነው ያታለለችኝ አልኳት። እየሰማች ሽንኩርቷን በእስር በእስር ትደረድራለች።

"'ማንም አይወስድሽም' ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አለች በመጨረሻ።

"እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት!"

"የእሷን ቋንቋ እኔ መች ሰምቼ አውቃለሁ?" ቁጣ የለባትም፣ ዝም ብላ እንደ ዋጋ ነገረችኝ። "እኔ የሰማሁት ካንቺ ነው።"

እኔ፣ አፌ የማያፍረው፣ ወሬ ቀየርኩ። ደብተር የያዘችውን ልጇን እያየሁ "ስንተኛ ክፍል ናት?" አልኳት።

"ሁለተኛ። እሷን እንኳ ማንም አያስወጣት፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁሜ ነው የማስገባት።"

ስነሳ አንድ እስር ነጭ ሽንኩርት አንስታ ዘንቢሌ ውስጥ ጣለችልኝ። ልከፍል ስል እጄን መለሰችው። ቤቴ ስደርስ ነው ያየሁት፤ እስሩ የታሰረው በቢጫ የሱፍ ክር ነበር። የተተረተረ ክር፣ የኪሮሹ ጥምዝምዝ ገና ያልለቀቀው።

ሽንኩርቱን በላነው። ክሩ አለ። ውኃ ሲነካው አሁንም በግ በግ ይላል።