ጓጉንቸሩን በኪሱ የያዘው ሰው

በልጅነቱ ጎርፍ የመጣ ዕለት የትምህርት ቤታቸው በር ተቆልፎ ነበር። እሱ አጥሩን ዘሎ ተረፈ፤ ታናሽ እህቱ ግን ቁመቷ አልደረሰም። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ዛሬ ሸምግሏል፤ የቴኒስ ሜዳው ዘበኛ ነው። ዓምና ጎርፍ ከተማዋን ካፈረሳት ወዲህ ውድድር ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተጫዋቾቹ ስመ ጥር አይደሉም፤ ሕዝቡ ግን ለሠርግ እንደተጠራ ለብሶ መጥቷል። እሱ የጎማ ቦቲውን እንደተጫማ በሩ ላይ ቆሞ፣ ኳሷን ትቶ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ወንዝ ያያል። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ አሁን ደፍርሷል። እዚህ ጠብታ እንኳ አልጣለም፤ ደጋው ላይ ግን ዘንቦ መሆን አለበት።

ትኬት ቆራጯ እየተጣደፈች መጣች።

«አባባ፣ ሰዉ በነፃ እየገባ ነው! ጓጉንቸሩ የታለ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ኧረ ይቆልፉት፣ አለቃ ይጮህብኛል!»

«እኔ ላይ ይጩህ። አንዱ ጆሮዬ እንደሆነ አይሰማም።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ወንዙን ዳግመኛ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማንም ይግባ፣ ልጄ። እኔ የምፈልገው ሁሉም መውጣት እንዲችል ነው።»