የታጠበው ፍሬ

ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ሽክርክሪት»። የቅጽል ስሙን ያወጣው ሰው አልተሳሳተም። በቅመማ ቅመም ፋብሪካው የወንፊት ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ እጇ ሥራ ፈትቶ ያየ ሰው የለም። የምትጠርገው ስታጣ የተጠረገውን ትጠርጋለች። የክፍሉ አለቃ ከሆነች ወዲህማ ባሰባት። በሥሯ ያሉት አምስት ሴቶች «እሷ ከምታርፍ ወፍጮው ቢያርፍ ይቀላል» እያሉ ይስቁባታል።

የክፍሉ ሥራ የደረቀ በርበሬ ነፍቶ ፍሬውን መለየት ነው። ሌላው ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ ፍሬው ከጓሮው ግድግዳ ሥር ይደፋል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ ኖሮ በመጨረሻ ሰለቸው። «ለሚደፋ ነገር ስድስት ሰው? ማሽን ይለየዋል» አለ። ስድስቱ ሴቶች ያን ቀን ምሳቸውን እንደቋጠሩ ወደ ቤታቸው መለሱት።

ተስፋቸው ለምርምር ወደ ፋብሪካው የመጣች አንዲት ኬሚስት ነበረች። ከሚደፋው ፍሬ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ፣ ለሰውም ጤና የሚበጅ ንጥረ ነገር ማውጣት ይቻላል ትላለች። ማሽን ፍሬውን ይሰባብረዋል፤ ለእሷ ሥራ ግን በእጅ የተለየ፣ ያልተሰበረ ፍሬ ያስፈልጋል። ሙከራው ከሠመረ ክፍሉ ይቀጥላል፤ ካልሠመረ ስድስቱም ይሰናበታሉ።

ኬሚስቷ የጠየቀችው አንድ ጆንያ ፍሬ ብቻ ነው። ሽክርክሪት ግን ለእንግዳ ቆሻሻ አይሰጥም ብላ ተነሳች። አቧራውን በሦስት ውኃ አጠበችው። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ገለባና ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀመችለት። ኬሚስቷ ጆንያውን ስትፈታ ዐይኗን ማመን አቃታት።

«እናቴ፣ ይሄ እንደወጣ ነው? ምንም አላደረጋችሁበትም?»

«ምን እናደርግበታለን? የኛ ክፍል ፍሬ እንዲህ ነው የሚወጣው!» አለች ሽክርክሪት ኮራ ብላ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከአንድ ወር ድካም በኋላ ከሸፈ። ኬሚስቷ ሁለተኛ ጆንያ ጠየቀች። ሽክርክሪት ምናልባት በደንብ አልጸዳ ይሆናል ብላ ይኼኛውን በአራት ውኃ አጠበችው። ውጤቱ ጭራሽ ወረደ። ሥራ አስኪያጁም «ሐሙስ እንነጋገርና እንዘጋዋለን» አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሏት፣ ድሮ የጆንያ መጋዘን ወደነበረው ቤተ ሙከራ ሄደች። ኬሚስቷ ዐይኗ ቀልቶ ብልቃጦቿ መሐል ተቀምጣለች።

«የምንፈልገው ነገር በአልኮልና በውኃ የሚሟሟ ነው፤ የምናወጣውም እንደዛ ነው» አለቻት። «ከናንተ ፍሬ ግን የሚወጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የታጠበና ፀሐይ የመታው ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር። እርስዎ ደግሞ እንደወጣ ነው ብለውኛል። እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ሽክርክሪት «የኛ ክፍል ፍሬ እንዲህ ነው» ያለችው ትዝ አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በምን ትመልሰው? «አይዞሽ ልጄ» አለችና ወጣች።

ቤቷ ገብታ ወለሉን ጠረገች። የታጠፈ ልብስ ፈታታ መልሳ አጠፈች። ከዚያ ወለሉን እንደገና ጠረገች።

«አንቺ ሴት፣ ወለሉ ምን በደለሽ?» አላት ልብስ ሰፊው ባሏ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ።

ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለ።

«ለራሴ ብዬ ነው እንዴ? ለእነሱ ብዬ እኮ ነው!»

«ማጠቡስ ለእነሱ ይሁን። መዋሸቱስ?»

ሽክርክሪት መጥረጊያውን አስቀመጠች። የዋሸችው ለማንም አልነበረም፤ «የሽክርክሪት ክፍል ንጹሕ ነው» እንዲባል ነው።

«ውሸታም ይሉኛል» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ዛሬማ ውሸታም ነሽ እኮ። ነገ ከተናገርሽ ግን ነበረች ይሉሻል» አላትና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አምስቱ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ኬሚስቷ ወረቀቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሽክርክሪት ቀደመችው።

«አጥቤዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፍሬውን። ሁለቱንም ጆንያ። ፀሐይም አስመትቼዋለሁ። ስትጠይቀኝ እንደወጣ ነው ያልኳት ዋሽቼ ነው።»

አንዷ ሴት «ኧረ ጉድ!» ብላ አፏን ያዘች። ኬሚስቷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ሁለት ወር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ወር ሙሉ ቀመሬ ነው የተበላሸው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እናቴ እያልኩ የምጠራዎት አምኜዎት ነበር እኮ።»

ሽክርክሪት አንገቷን ደፋች። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «አንድ ሳምንት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጨምርም» አለ።

ኬሚስቷ ራሷ ከወንፊቱ ሥር ፍሬውን ከነአቧራው አፈሰች። ሽክርክሪት ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የተጣላችው አቧራ ነው፤ አሁን ግን ጆንያው ውስጥ ሲገባ ቆማ አየችው። ያ ሳምንት እንደ ዓመት ረዘመባት። ሴቶቹ አልሰደቧትም፣ አላዋሯትምም።

በሳምንቱ ኬሚስቷ መጣች። ከዚህኛው ፍሬ የወጣው ንጥረ ነገር ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሥራ አስኪያጁም ክፍሉ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ አለቅነቱን ግን ከአምስቱ ለአንዷ ሰጠ። «የሆነውን እንደሆነው የምትነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው» አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ጀምረው ሽክርክሪትን ሲያዩ ድምፃቸው ተቆረጠ። እልልታውን የጨረሰችው እሷ ነበረች።

ቤቷ ስትደርስ ግን በሩን ይዛ አለቀሰች። ባሏ ስፌቱን ጥሎ ተነሣ።

«ተዘጋ እንዴ?»

«አልተዘጋም። ሁላችንም አለን። አለቅነቱን ነው የነሡኝ።»

«ታዲያ ለአለቅነት ይለቀሳል? አምስት ሰው እኮ ነው ያዳንሽው!»

«ተው እባክህ» አለች ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ። «ያዳንኩትማ እኔው ልገድለው የነበረውን ነው።»

ባሏ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጣት።