ፈረሰኛው ሳይናገር

ከልጅነቴ ወዲህ ፊልም ሲጀምር ተቀምጬ አይቼ አላውቅም። ባለፈው እሁድ የልጅ ልጆቼ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የተሠራ ነው ያሉትን የዘንዶና የአስማት ፊልም ከፈቱ። ሜዳ መጣ፣ ከሜዳው ቀጥሎ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ባልዲ የያዘች አንዲት ሴት። ሴትዮዋ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አትደርስም። እኔ ያኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና እያጠብኩ ነበር።

“እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ እንጂ” አለ ትልቁ። “መጽሐፉም እንዲሁ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው።”

“አሳልፈውና ዘንዶው ጋ እንሂድ” አለች ትንሿ።

እኔ የትንሿ ወገን ነኝ። መጽሐፍ ቀስ ብሎ ቢጀምር አልቀየመውም። ሲሰለቸኝ አጥፌው ሽንኩርቴን ልጬ እመለሳለሁ፣ እሱም ካቆምኩበት ይጠብቀኛል። ፊልም ግን አስቀምጦኝ በራሱ ሰዓት ሜዳ ያሳየኛል። ሜዳ ደግሞ እኔም አገር ሞልቷል። በተለይ አንድ ሰው ወደ አንድ ቤት በዝግታ ሲመጣ ካየሁ መቀመጫው ይቆረቁረኛል፣ ተነስቼ እወጣለሁ። ወጣት ሆኜ ደሴ ሲኒማ ስገባም ሆን ብዬ አረፍድ ነበር። ትኬት ቆራጩ “ተጀምሯል እኮ” ሲለኝ “እሱን ነው የጠበቅሁት” እለው ነበር። ልጆቹ ትዕግሥት የላትም ይሉኛል። አልዋሹም፣ ግን ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም።

ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። በኛ አገር ነገሩን ቀስ ብሎ የሚጀምር ሰው ያስፈራል። ዕቃ ሊዋስ የመጣ ቶሎ ይናገራል፣ ሊጣላ የመጣም ቶሎ ይናገራል። መርዶ ይዞ የመጣ ግን አይቸኩልም። የቤቱ ሰው ሳይወጣ በማለዳ፣ አንድ ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ይመጣል። አረፍ ይላል። ሰላምታውን አንድ በአንድ ያዳርሳል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። የቆመ እስኪቀመጥ፣ እሳት ላይ ያለ ድስት እስኪወርድ፣ ሕፃን የታቀፈች ለሌላ እስክትሰጥ ይጠብቃል። ከዚያ ነው የሚያረዳው። ልጅ ሆኜ ይህን ወግ አልወደውም ነበር። የሞተው ሞቷል፣ ዙሪያ ጥምጥሙ ምን ይሠራል እል ነበር።

ወንድሜ በብዙ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ ጨውና በርበሬ እየቸረቸረች ነው ደሴ ልካ ያስተማረችው። በድርቁ ዓመት፣ ለዕረፍት፣ ከአስተማሪው የተዋሰውን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ መጣ። ከአቀስታ ወዲህ ያለውን መንገድ በእግሩ ነበር የመጣው። በመንገድ ያየውን ጠየቅነው፣ አልነገረንም። መንገሩም አያስፈልግም ነበር። የደጋው ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደ ከተማችን ሲገባ፣ ግማሹ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ግማሹ በመስጊዱ በር ላይ ሲወድቅ እናይ ነበር። የኛም ላም ሞታ ጥጃው ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱም ብዙ አልቆየም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ በር ላይ ተቀምጦ እየተረጎመ ያነብልኝ ነበር። ታሪኩ ወንዛቸው ስለደረቀባቸው ሰዎች ነው። ዘንዶ ወንዙን ጠጥቶ ተራራ ውስጥ ተኝቷል፣ አንዲት ልጅ ልታስመልሰው ትሄዳለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ እንድጓጓ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላማ ማን ዘንዶው ጋ ያድርሰን። መጽሐፉ የሚጀምረው አንድ ፈረሰኛ ወደ ልጅቷ ቤት ሲመጣ ነው፣ ፈረሰኛው ደግሞ መድረስ የሚባል ነገር አያውቅም። ወንድሜ በየመስመሩ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ፈረሰኛው በሩ ጋ ሲደርስ ወንድሜን አንድ ቃል ያዘው። “መቃን” አለ፣ ትንሽ አሰበና “አይደለም፣ ደፍ ነው፣ እግር የሚያልፍበት” አለ።

“ምን አገባን፣ ይግባ በቃ” አልኩት።

“የሰው ቤት ዘሎ አይገባም። አብሽሪ” አለኝ።

አብሽሪ እኛ ወሎዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አይዞሽ የምንልበት ቃል ነው። እሱ ግን ለኔ ዝም በይ ሊለኝ ሲፈልግ ይጠቀምበት ነበር። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ፈረሰኛው ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ ሾርባ ቀረበለት። አፉን ሊከፍት ሲል የወንድሜ ዕረፍት አለቀ።

“ምን አለ? እሱን ብቻ ንገረኝና ሂድ” አልኩት።

“ስመለስ” አለ። መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሄደ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪዎቹ ለዘመቻ ወደየገጠሩ ሲበተኑ ወንድሜ ሩቅ ቆላ ደረሰው። አንድ ሾፌር “ደህና ነኝ፣ ፈረሰኛውን አልረሳሁትም በላት ብሎኛል” ብሎ መልእክቱን አደረሰን። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ወሬው ጠፋ። መርዶ የሚመጣው ማለዳ ስለሆነ እናቴ ከማለዳው ቀድማ ከቤት መውጣት ጀመረች። ጎህ ሲቀድ እንስራዋን ይዛ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፣ ፀሐይ ጠንክሮ ሰው ወደየሥራው ከተበተነ በኋላ ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን እንስራው ባዶውን ይመለስ ነበር። ምንጩ አልደረቀም፣ መቅዳቱን ረስታው ነው። እኔም ሲነጋ የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እየዘለልኩ እነሳ ነበር።

በበጋው የፊልም መኪና ከደሴ መጣ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በቀን በብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ውጭ ጀኔሬተር ተነሳ፣ ከመኪናው ጋር የመጣ አንድ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ ሊተረጉም ተዘጋጀ። ፊልሙ ከመጽሐፍ የተወሰደ መሆኑን፣ ወንዝ ስለሰረቀ ዘንዶ መሆኑን ሲናገር አወቅሁት። የወንድሜ መጽሐፍ ነው። እናቴን እየጎተትኩ ወስጄ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ፈረሰኛው ምን እንዳለ ዛሬ ላውቅ ነው።

አንድ ነጭ ሜዳ መጣ። “ይኼማ የኛ ውርጭ ነው” አለ ከአቀስታ የመጣ አንድ ገበሬ፣ ሰዉም ሳቀ። ከሜዳው ጫፍ ፈረሰኛው ብቅ አለ። ይመጣል፣ አይደርስም። ሙዚቃ የለም፣ ንግግር የለም፣ ተርጓሚውም የሚተረጉመው አጥቶ ዝም አለ። ፈረሰኛው ወረደ፣ ፈረሱን አሰረ፣ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው። የቤቱ እመቤት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ገብቶ ተቀመጠ። ሾርባ ቀረበለት፣ አልቀመሰውም። የቤቱ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ዙሪያውን ቆመ።

ከኋላ አንዲት ሴት “ኸይር ያድርገው” አለች በቀስታ። ሌላዋ “ማን ሞቶ ነው?” ብላ ጠየቀች። ዞር ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነበር። ያኔ ገባኝ፣ ሰዉ ሁሉ መርዶ እያየ ነው። ማለዳ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የተቀመጠ፣ የቀረበለትን ያልበላ ሰው እኛ አገር ሌላ ትርጉም የለውም።

አንዷ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ያዘ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባሏ እህል ፍለጋ ወጥቶ የቀረባት ነበረች፣ እናቷን መንገድ ላይ ትታ የመጣች ነበረች። ድርቁ ነጋሪውንም ሟቹንም ስለወሰደ ለብዙዎቹ ማንም መጥቶ አላረዳቸውም ነበር። አሁን አንድ ባዕድ ሰው እንደወጉ መጥቶ ተቀመጠላቸው። ለቅሶው ከኋላ ወደ ፊት እየተቀባበለ መጣ። ተርጓሚው ድምፅ ማጉያውን አንስቶ “ማንም አልሞተም፣ እናቶች። ገና መጀመሪያው ነው” ይላል። የሚሰማው አልነበረም።

እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ይዛ ተነሳች። “ሳይናገር እንውጣ” አለች።

“እማ፣ ተረት ነው እኮ። የሱ መጽሐፍ ነው፣ ያነበበልኝ።”

“የሱ ከሆነማ ጭራሽ አልሰማም” አለች።

በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ፊልም አጫዋቹ ሰዉን ለማረጋጋት ብሎ ጥቅልሉን ለውጦ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዘንዶ እየሆነ ሲያሳድደኝ ከረመ። እነሱ መጀመሪያውን አያውቁም፣ እኔ ከመጀመሪያው በቀር ምንም አላውቅም። እኔም ለብዙ ቀን በእናቴ ተናድጄ ነበር፣ ፈረሰኛው አፉን ሊከፍት እኮ ትንሽ ነበር የቀረው።

የበጋው ብርድ ሳይወጣ ለከተማው ሰው ስብሰባ ተጠራ። ከሌላ አገር የመጣ አንድ ወጣት ሹም ስለ መንገድ ሥራው ተናገረ፣ ስለ ስኳር አከፋፈሉ ተናገረ፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ “በዘመቻው ላይ ሳለ በወባ የተሰዋው የከተማችሁ ልጅ” ብሎ የወንድሜን ስም ጠራ። አንድ አፍታ ቆሞ ወደ መንገድ ሥራው ተመለሰ። እናቴ መቀመጫ አጥታ ቆማ ነበር፣ የጨው ቅርጫቷን አልጣለችውም። ልጅ ሆኜ እመኘው እንደነበረው ነው የተነገረን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ያለ ሰላምታ። ሰውዬውን እስከዛሬ እጠላዋለሁ። ክፉ ሰው እንዳልነበር አውቃለሁ፣ ቸኩሎ ነው፣ ያኔ ሁሉም ነገር ይቸኩል ነበር። ቢሆንም እጠላዋለሁ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቶች ተከትለውን መጥተው ሊያለቅሱ ሲሉ እናቴ እጇን አነሳች።

“ቆዩ” አለች። “እኔ ገና አልተረዳሁም።”

መርዶ የተነገረው ሰው ተረዳ ይባላል፣ ነገሩ የገባውም ተረዳ ይባላል። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ከኛ ግቢ ቀጥሎ የሚኖሩትን ሽማግሌ ሼህ አስጠራች። በሰፈራችን ለእስላሙም ለክርስቲያኑም መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ነበሩ።

“አባቴ፣ ነገ ማለዳ ይምጡና ይንገሩኝ። እንደወጉ” አለቻቸው።

ሼሁ “እሺ ልጄ” አሉ። “እንግዲያ ዛሬ ምንም አልሰማሽም።”

ጎረቤቶቹም እንባቸውን ጠርገው ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ እናቴ ወደ ምንጭ አልወረደችም። ቤቱን ጠረገች፣ መደቡ ላይ ቁርበቱን አነጠፈች፣ ትይዩው ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር እመላለሳለሁ። ሼሁ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ከግቢው ጫፍ ብቅ አሉ። ይመጣሉ፣ አይደርሱም። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ጫማቸውን አወለቁ።

“ሰላም አደራችሁ?”

“ይመስገን። ይግቡ፣ አባቴ። ኸይር ነው?”

“ኸይር ነው ልጄ፣ አብሽሪ።”

ቁርበቱ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ያዙት እንጂ አልጠጡትም።

“ብርዱ ዘንድሮ በረታ” አሉ።

“በረታ። ቢሆንም ይመስገን።”

“ገበያውስ?”

“ደህና ነው።”

“ልጅቷ ትምህርቷን ያዘች?”

“ይዛለች።”

በሩን ተደግፌ ቆሜ ሰው እንዳይቸኩል በልቤ ስማጸን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሼሁ ስለ ብርዱ እስካወሩ ድረስ ወንድሜ በዚያ ቆላ ውስጥ አለ፣ መዝገበ ቃላቱን ይገልጣል፣ ሲመለስ የሚነግረኝ ነገር አለው። ግን ጥያቄያቸው እያለቀ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ያውቃሉ፣ ዓይናቸው ቤቱን እየዞረ ሌላ የሚጠይቁት ነገር ይፈልጋል። ከኛ ቤት ደግሞ የሚጠየቅ ብዙ ነገር አልቀረም ነበር።

“ጥጃውስ?” አሉ በመጨረሻ። “አደገ?”

ጥጃው በድርቁ ነበር የሞተው። ሼሁ የተቀመጡበት ቁርበት የሱ ነው፣ ሲገፈፍ እሳቸውም ነበሩ። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

“አድጓል፣ አባቴ” አለች። “ሜዳ ወጥቷል፣ ሲመሽ ይመጣል።”